ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ? መጽሐፍ ቅዱስን እርሳስ ይዞ ማንበብ

ባለፈው የነነዌ ጾም ሰሞን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከተደወለ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀረ። ደብተሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ቲቸር፣ ዮናስ እውነት ነው?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ማለቴ፣ በትክክል ሆኗል? ወይስ ምሳሌ ነው?»

ለክርክር አልመጣም። ጾሞ ከንፈሩ ደርቋል። ታላቅ ወንድሙ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ «ተረት ነው» ብሎታል። እናቱ ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብላዋለች። ሁለቱንም ይወዳቸዋል። ማንን ልመን ብሎ ነው የመጣው።

እኔም በ12 ዓመቴ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። የት እንደጠየቅኩ ይቅር። መልሱ ግን ኩርኩም ነበር፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። ለብዙ ዓመት ትንቢተ ዮናስን ስከፍት ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጉልበቴ ነበር። ስለዚህ ልጁን ቁጭ አደረግኩትና መልስ ከመስጠት ይልቅ አነባበብ አሳየሁት። ያን ያሳየሁትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። የታሪክ መምህር ከመሆኔ በፊት ደብረ ኤልያስ አካባቢ አኩፋዳ አንግቼ፣ ደበሎ ለብሼ ቅኔ ተምሬያለሁ። ሁለቱም ቤት ቤቴ ነው። አንዱን ለማስደሰት ሌላውን መካድ አልፈልግም።

የሚያስፈልጋችሁ

መጽሐፍ ቅዱስ፣ እርሳስ፣ አንድ ደብተር። ባለ 81 መጽሐፍም ይሁን ባለ 66፣ እጃችሁ ላይ ያለው ይበቃል። በስልክ የምታነቡ ከሆነም ደብተሩን አትተዉት፤ እጅ ሲጽፍ ዓይን ይረጋጋል።

በአንድ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያዙ። ጥቅስ መዝዞ ማንበብ የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ እናት ነው። ስታነቡ ሦስት ምልክት ብቻ ተጠቀሙ። ጸሐፊው «ይህ ሆነ» ብሎ የሚነግራችሁ ቦታ ላይ «ታ» ጻፉ፤ ታሪክ ማለት ነው። በሌላ ነገር አስመስሎ የሚናገርበት ላይ «ም»፤ ምሳሌ። ያልገባችሁ ላይ ጥያቄ ምልክት። ጥያቄ ምልክቱን አትፍሩት፤ የኔ ደብተር ላይ 20 ዓመት የቆየ አለ።

መጀመሪያ ሰሙን

ጎጃም ውስጥ ቅኔ የቀመሰ ሰው «ታሪክ ወይስ ምሳሌ» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። ሰምና ወርቅ ብለን ነው የምናውቀው። ሰሙ ከላይ የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ውስጥ ያለው። ነገር ግን ብዙ ሰው ቃሉን ከአፍ ለአፍ ተቀብሎት እንጂ ከየት እንደመጣ አላየም። እኔን የኔታ በዓይኔ አሳዩኝ።

አንድ ቀን ይዘውኝ ወደ አንጥረኛ ቤት ሄዱ። አንጥረኛው ሰሙን በጣቱ እያሞቀ ትንሽ መስቀል አበጀ። በጭቃ ሸፈነው፤ ቀዳዳ ተወለት። ጭቃው ከደረቀ በኋላ እሳት ላይ አኖረው። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ወጣ። በባዶው ቦታ የቀለጠ ናስ አፈሰሰበት። ሲቀዘቅዝ ጭቃውን መታ መታ አድርጎ ሰበረው፤ መስቀሉ ብቅ አለ። አንደኛው ክንፉ ላይ ግን የአውራ ጣት የሚያክል ስርጉድ ነበረበት። የኔታ ስርጉዱን በጥፍራቸው ነኩና «ይኼ ከናሱ ነው ከሰሙ?» አሉኝ።

«ከሰሙ ነው የኔታ» አልኩ።

«እንግዲያው ወርቅ ወርቅ እያልክ ሰሙን አትዝለል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ወደ ቤት እስክንደርስ ዝም ብለን ሄድን።

«ሁሉም ምሳሌ ነው» የሚሉ ሰዎች ሰሙን ይዘሉታል። ታሪኩ ምን እንደሚል ሳያዩ «ይህ ማለት ፍቅር ነው፣ ይህ ማለት ተስፋ ነው» ይላሉ። የሚያገኙት ወርቅ ራሳቸው ይዘውት የመጡትን ነው። «ሁሉም እንደተጻፈው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም» የሚሉት ደግሞ ሰሙን ጨብጠው ይቀራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፤ ምዕራፉን አንብባችሁ መጽሐፉን ዝጉ፣ በራሳችሁ አማርኛ፣ ለጎረቤት እንደምታወሩት አድርጋችሁ ጻፉት። ማን፣ የት፣ ምን አደረገ፣ ምን ተባለ። ትርጉም አትጨምሩ። የአንድምታ፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህራንም የሚጀምሩት ከነጠላው ነው፤ ነጠላ ትርጉሙን ያላቀና ተማሪ ወደ «አንድም» አይሻገርም።

ይህን ሥራ የሚንቅ ብዙ ነው። እኔ ግን ከተማሪዎቼ ጋር ሳደርገው ግማሹ ጥያቄ እዚያው ያልቃል። የሚያጣላን መጽሐፉ ያለው ሳይሆን «ብሏል» ብለን በልባችን የያዝነው ሆኖ ይገኛል።

የጃንደረባው ጥያቄ

የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የኛ ሰው በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ እናገኘዋለን። የህንደኬ ጃንደረባ። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ይህን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቁጥር 34 ላይ የጠየቀው ግን ይበልጥብኛል። «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው?» ነው የሚለው።

እንዴት ያለ ጥንቁቅ አንባቢ ነው! «እውነት ነው ወይስ ውሸት» አላለም። ጽሑፉ ስለ ምን እንደሚናገር ጠየቀ። እናንተም ሰሙን ከጻፋችሁ በኋላ ከሥሩ ይህን መልሱ፤ የሚናገረው ማን ነው? ለማን? የሚናገረውስ እንደ ምን ነው? እንደ ዜና መዋዕል? እንደ መዝሙር? እንደ ሕግ? እንደ ደብዳቤ? እንደ ራእይ?

አንዳንዱ ቦታ መልሱን ራሱ ይሰጣችኋል። መዝሙረኛው ወንዞች እጃቸውን ያጨብጭቡ ሲል ወንዝ እጅ አለው ብሎ የሚከራከር የለም። መሳፍንት 9 ላይ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ ይላል። ወይራው እንቢ አለ፣ በለሱ እንቢ አለ፣ ወይኑ እንቢ አለ፣ እሾኹ እሺ አለ። ዛፎቹ «ም» ናቸው። አቤሜሌክ ወንድሞቹን አርዶ መንገሡ ግን «ታ» ነው። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ለዚህ ነው «መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ» የሚለው ጥያቄ እንደዚያው በጅምላ መልስ የሌለው። «ገበያ ውስጥ ያለው እህል ነው ወይስ ከብት» እንደማለት ነው። የቱ ጋ እንደቆማችሁ ንገሩኝ።

ሉቃስ 10 ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። «አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ» ይላል። ሰውዬው ስም የለውም። ጌታ ይህን የተናገረው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ላለው ሕግ አዋቂ መልስ እንዲሆን ነው። ስለዚህ እኔ «ም» እጽፋለሁ። መንገዱ ግን እውነተኛ መንገድ ነው። «ወረደ» ያለውም ለወግ አይደለም። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች። ቁልቁለቱ 1,000 ሜትር ያህል ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ጎጃሜ ይህን ሲሰማ ጉልበቱ ያውቀዋል። ሙቀቱ እየጨመረ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ ከቋጥኙ ጀርባ ማን እንዳለ ሳይታወቅ። አያቴ በረሃውን ሲሻገሩ ሰው ሳይሰበሰብ አይነሡም ነበር። ሰሚዎቹም ያን መንገድ እንዲሁ ያውቁት ነበር። ያልሆነ ታሪክ፣ በሆነ መንገድ ላይ። አባቶች ደግሞ ወርቁን ሲያወጡ ወራጁን አዳም፣ ሳምራዊውን ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን ይሉታል። ቁልቁለቱን ያልተረዳ ሰው የአዳምን መውረድ ከየት ያመጣዋል?

ጽሑፉ ምስክር ሲጠራ

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ እንሂድ። ሉቃስ 3 እንዲህ ይጀምራል፤ ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት፣ ጲላጦስ በይሁዳ ሲገዛ፣ ሄሮድስ በገሊላ፣ ፊልጶስ፣ ሊሳንዮስ፣ ሊቀ ካህናቱ ሐናና ቀያፋ። ስም በስም ላይ። ምሳሌ የሚናገር ሰው እንዲህ አይደክምም። ይህ «ሂዱና ጠይቁ» የሚል ሰው አጻጻፍ ነው። የዚህ ዓይነት ዝርዝር ስታዩ «ታ» ጻፉና የሚቀጥለውን ሥራ ሥሩ፤ ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ምስክር ፈልጉ።

ለጲላጦስ አለ። በ1961 እ.ኤ.አ. ቂሣርያ ላይ ሲቆፈር ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኝቷል። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስም ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ ትእዛዝ እንደተገደለ ጽፏል። ታኪቶስ ክርስቲያኖችን አይወድም ነበር፤ ለዚህም ነው ምስክርነቱ የሚጠቅመው።

እኔ ግን ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማሳየው የሕዝቅያስን ነው። 2ኛ ነገሥት 18ን አንብቡ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም መጣ፣ የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ያዘ፣ ሕዝቅያስ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ገበረ። አሁን ሰናክሬም ራሱ ያስጻፈውን ስሙ። ጽሑፉ ከነነዌ ፍርስራሽ የተገኘ፣ ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ዓምድ ላይ ነው። ዘመቻው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የተደረገ ነው። 46 ከተሞች ያዝኩ ይላል። ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም ውስጥ በቀፎ ውስጥ እንዳለ ወፍ ዘጋሁበት ይላል። 30 መክሊት ወርቅና 800 መክሊት ብር ወሰድኩ ይላል።

ሠንጠረዥ ሥሩና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ወርቁ 30 በ30 ይገጥማል። ብሩ 300 እና 800 ነው፤ አይገጥምም። ንጉሡ «ዘጋሁበት» አለ እንጂ ከተማዋን ያዝኳት አላለም፤ መጽሐፉም አልተያዘችም ይላል። ሁለት ጠላቶች በሁለት ቋንቋ ስለ አንድ ዓመት ሲናገሩ ይህን ያህል መግጠማቸው ያስደንቀኛል። ብሩ ላይ ደግሞ ጥያቄ ምልክት አድርጉ። አትደብቁት። ተማሪ የደበቃችሁበትን ቀን ያውቃል፤ ካወቀ በኋላ የገጠመውንም አያምናችሁም።

ባለ 81 የምታነቡ ደግሞ መጽሐፈ ዮዲት ላይ ሌላ ታገኛላችሁ። ናቡከደነፆር በነነዌ የነገሠ የአሦር ንጉሥ ተብሎ ይጀምራል። እሱ ግን የባቢሎን ንጉሥ ነው፤ ነነዌም እሱ ከመንገሡ በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ወድቃለች። እዚህ ቦታ «ታ» ብላችሁ አትቸኩሉ። «ሐሰት ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። ጸሐፊው ለአንባቢ «የማወራው እንደ ዜና መዋዕል አይደለም» እያለ ይሆን? ብዙ ሊቃውንት እንደዚያ ያነቡታል። በእርሳስ ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ወርቁ ቀጥሉ። የአንዲት መበለት እምነትና ድፍረት ነው።

ግዮን፣ የራሳችን ጉዳይ

ጎጃም ሆኖ ዘፍጥረት 2ን ያለ ስሜት ማንበብ ከባድ ነው። «የሁለተኛውም ወንዝ ስም ግዮን ነው፤ እርሱም የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል።» ሱቁም ሆቴሉም ልጁም ግዮን ይባላል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በባሕር ዳር አድርጎ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ጎጃምን ያቅፈዋል። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የምትሻገሩት እሱን ነው። «ይከብባል» የሚለውን ቃል እኛ በመዝገበ ቃላት አንፈልገውም።

እናቴን ሰከላ ይዣት ሄጄ ነበር፣ ግሸ ዓባይ። ምንጩ ስታዩት ትንሽ ነው። ሣር፣ ርጥብ መሬት፣ ጀሪካን የያዘ ሕዝብ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለችና በእፍኟ ጠጣች። ውኃው በክርኗ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው። አልጠረገችውም። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ በልቤ ሌላ ነገር እያሰላሁ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ወንዝ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ናቸው። ሁለቱ የሚነሡት ከቱርክ ተራሮች ነው። ከሰከላ ጋር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ከአንድ ምንጭ እንዴት ተከፈሉ?

ይህን ቦታ በእርሳስ እንሥራው። ሰሙ አንድ ወንዝ ከዔድን ወጥቶ ገነትን እንዳጠጣና ለአራት እንደተከፈለ ይናገራል። ሁለቱ ወንዞች ዛሬም በካርታ ላይ አሉ፤ ስለዚህ ጸሐፊው ከደመና በላይ ስላለ አገር ብቻ እየተናገረ አይደለም። «ታ»። ቀጥሎ ቃሉን እንፈትሽ። «ኢትዮጵያ» የተባለው በዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ይጠሩበት ነበር። ግዮን ዓባይ ነው ማለትም የኛ ፈጠራ አይደለም። ኤርምያስ 2፥18 ላይ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የግብፅን ወንዝ ግዮን ይለዋል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍም (ጆሴፈስ) ግዮን የግብፁ ዓባይ ነው ብሏል። ከዚያ ደግሞ 1ኛ ነገሥት 1 ላይ ሰሎሞን የተቀባው ግዮን በሚባል ቦታ ነው፤ ይህኛው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለ ምንጭ ነው። ያው ሕዝቅያስ የዚህን ምንጭ ውኃ አለት ፈልፍሎ ወደ ከተማ እንዳስገባ 2ኛ ዜና መዋዕል 32 ይናገራል። ቦዩ 500 ሜትር ይዘላል፤ ዛሬም ሰው ይሄድበታል። በ1880 እ.ኤ.አ. ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ ከሁለት ጫፍ የቆፈሩት ሠራተኞች በአለቱ ውስጥ የወዲያኞቹን ድምፅ ሰምተው እንደተገናኙ ይተርካል። አንድ ስም፣ ሁለት ውኃ። ስለዚህ አንድ ስም ስላገኛችሁ ብቻ ቦታውን አገኘሁ አትበሉ።

የአራቱ መነሻ ነገር ላይ እኔ አሁንም ጥያቄ ምልክት አለኝ። ወርቁ ግን ለእኔ ግልጽ ነው። ምድርን የሚያጠጣ ውኃ ሁሉ ከእግዚአብሔር አትክልት የወጣ ነው። ጤግሮስም፣ ኤፍራጥስም፣ የኛም። ለእናቴ ያን ቀን የቱርክን ተራሮች ነገርኳት። ሰማችኝና «እንግዲያ እዚያም ያሉት ከገነት ነው የሚጠጡት» አለች። እኔ በአንድ ሳምንት ያላገኘሁትን እሷ ክርኗ ሳይደርቅ አገኘችው።

ቃልን መፈተሽ ካልኩ አይቀር፣ በአማርኛ የምናነበው ትርጉም መሆኑን አትርሱ። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው የጎጃም ሰው ነው። አቡ ሩሚ ይባላል። ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። አንድ ቃል ሲያስቸግራችሁ ግዕዙን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ሌላ እትም ክፈቱ። አቡ ሩሚም አንድ ቃል ይዞ ስንት ሌሊት እንዳደረ አስባለሁ።

«አንድም» ይጨምራል እንጂ አይፍቅም

አሁን ወደ ወርቁ። ደብተራችሁ ላይ ከሰሙ ሥር «አንድም» ብላችሁ ጻፉ። ቃሉ ራሱ ሁሉን ይናገራል። «ወይም» አይደለም። የመጀመሪያው እንዳለ ሆኖ፣ አንድም ደግሞ ይህ ነው ማለት ነው።

ይህን የጀመሩት የኛ መምህራን ብቻ አይደሉም። ጳውሎስ ገላትያ 4 ላይ ስለ አጋርና ስለ ሣራ ተናግሮ «ይህም ነገር ምሳሌ ነው» ይላል፤ ሁለቱ ሴቶች ሁለት ኪዳኖች ናቸው ይላል። አጋር አልነበረችም ማለቱ ነው? አይደለም። የነበረችውን ሴት ነው ምሳሌ ያደረጋት። ሙሴ ያያት፣ እየነደደች ያልተቃጠለችው ቁጥቋጦም እንዲሁ ናት። ዘጸአት 3 እንደ ሆነ ነገር ይተርካታል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መለኮትን ተሸክማ ያልተቃጠለችውን እመቤታችንን ታይባታለች። አንዱ ሌላውን አያባርርም።

እዚህ ላይ አንድ መፈተኛ አለኝ። «አንድም» ያላችሁትን ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ሰሙ ተመለሱ። ወርቁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር በሰሙ ላይ ቦታ አለው? ከሌለው ስርጉዱ የናንተ ጣት ነው። አጥፉት።

ሰሙ ከቀረ ወርቁ የማይኖርበት

ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ይህን ሳልናገር ብቀር ልጁን አታልለው ነበር። የደጉ ሳምራዊ ሰውዬ በስም በአድራሻ ባይኖር ትምህርቱ አይጎድልም። ትንሣኤ ግን እንደዚያ አይደለም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ «ክርስቶስም ካልተነሣ እንግዲያስ ስብከታችን ከንቱ ነው» ይላል። ይህን የጻፈው ከስቅለቱ በኋላ 20 ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች ታየ ይልና ብዙዎቹ እስከ አሁን አሉ ብሎ ይጨምራል። «ተስፋ በልባችን ተነሣ» ማለቱ ቢሆን የሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል?

በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ስናደርስ «በመዋዕለ ጲላጦስ ጴንጤናዊ» እንላለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን ብቻ ደነገጥኩ። የአንድ ሮማዊ ሹም ስም በጸሎት መካከል ምን ይሠራል? ዘመን ይቆርጣል። ይህ በዚህ ሰው ዘመን የሆነ ነው፣ «ከዕለታት አንድ ቀን» አይደለም ይላል። ታኪቶስና የቂሣርያው ድንጋይ መሰቀሉ ዘንድ ድረስ ይሸኟችኋል። መነሣቱን የሚሸከም ድንጋይ የለም፤ ያን የሚሸከሙት ያዩትና ስለዚያ የሞቱት ሰዎች ቃል ነው። እኔ አምናለሁ። ስታነቡ ግን የቱ ጋ ምስክር እንዳለ፣ የቱ ጋ እምነት እንደሚጀምር ለዩ፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ስለዚህ ደብተራችሁ ጠርዝ ላይ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ይህ ባይሆን ምን ይጎድላል? መልሱ «ምንም» የሚሆንበት አለ። «ሁሉም» የሚሆንበት አለ። የሚበዛው መካከል ላይ ነው፤ እዚያ ጊዜ ውሰዱ።

ወደ ዮናስ

ልጁን ሁለተኛ ቀን ዮናስን አስከፈትኩት። አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር። ጮክ ብለን በ10 ደቂቃ ጨረስነው።

«ታ» የሚያስብለው ምን አለ? ዮናስ፣ አማቴ የሚባል ሰው ልጅ፣ 2ኛ ነገሥት 14፥25 ላይ በኢዮርብዓም ዘመን የነበረ ነቢይ ሆኖ ተጠቅሷል። ነነዌ ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ከሞሱል ማዶ አለ። ጌታም ሦስት ቀን በዓሣ አንበሪ ሆድ መኖሩን ከመቃብሩ ጋር አያይዞ ተናግሯል። ጥያቄ ምልክት የሚያስደርገውስ? የነነዌ ንጉሥ ስም የለውም፤ ሰናክሬምን በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ እዚህ ዝም ይላል። እንስሳቱ ሳይቀሩ ማቅ ለበሱ። መጽሐፉም በጥያቄ ያልቃል። እነዚህን አይተው ለማስተማሪያ የተጻፈ ታሪክ ነው የሚሉ አማኞችና ሊቃውንት አሉ። እኔ ከአባቶቼ ጋር ሆኗል እላለሁ። ሌላውን ግን ከሃዲ አልለውም። ልጁን ይህን ሁሉ ነገርኩት።

ከዚያ የመጨረሻውን ቁጥር ደግመን አነበብነው። ዮናስ ጥላ ሆና ለደረቀችበት ቅል አዝኗል። እግዚአብሔር ዮናስን ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ላሉባት ከተማ አላዝንምን ይለዋል። ዮናስ መልስ አይሰጥም። ልጁ እርሳሱን ይዞ ዝም አለ። «ታ»ም «ም»ም አልጻፈም። «ነነዌ የጠላት ከተማ ናት አይደል ቲቸር?» አለኝ። ነች አልኩት። የእስራኤልን ሰሜኑን መንግሥት ያጠፋው አሦር ነው።

በሳምንቱ መጣ። ሰሙን በሁለት ገጽ ጽፎታል። «ብዙ እንስሶች» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር አስምሮ አንድ ጥያቄ ጽፏል፤ «እግዚአብሔር ለከብቶቹም ካዘነ፣ ዮናስ ለምን ለቅሉ ብቻ አዘነ?» ወንድሙን ጠይቆት ነበር አለኝ። ወንድሙ «ቆይ እስኪ መጽሐፉን አምጣው» ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ እናታቸውም ምጣዱን ትታ መጣች።